ጀርባዬ ውስጥ የደበቅኩት ብረት

ሐኪም ሲጠይቃችሁ አትዋሹ። ከዚህ በላይ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ካለ ይህችን ብቻ ይዞ ይሂድ፣ ትበቃዋለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ለሌላውም ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን ጆሮዬ ተደፈነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ!

ስሜ ዘነበች ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ካዛንቺስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ከሃያ ዓመት በላይ ሰፍቻለሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሆቴል አስተናጋጅ ሸሚዝ፣ የሚዜ ቀሚስ። ባሌ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። አንድ ልጅ አለችኝ፣ ማህሌት፤ ቢሮ ነው የምትሠራው። ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ይዛኝ ገባች፤ እኔም ሱቄን ወደ መስቀል ፍላወር አዛወርኩ። ዕቃችንን በአይሱዙ ስንጭን ሁሉን ለጫኞቹ ሰጥቼ አንድ አሮጌ ካፖርት ብቻ በእጄ ያዝኩ። ማህሌት «እማዬ፣ በዚህ ሙቀት ካፖርት ታቅፈሽ ምን ልትሆኚ ነው? ጣይው እንጂ!» ብላ ሳቀችብኝ። «አርፈሽ ዕቃሽን አስጭኚ» አልኳት። የካፖርቱን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በዚያው ሰሞን ነው። ከወገቤ በስተግራ፣ ወደ አከርካሪዬ ጠጋ ብሎ፣ አንዳች ነገር ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ዕቃ አንሥቼ ነው አልኩ። ከፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ ገዝቼ ዋጥኩ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ተሻለኝ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ። ቄራ አካባቢ አንዲት ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ። ሴትየዋ ጣታቸው ጠባሳዬ ላይ ሲደርስ ቆም ብለው «ይሄ ምን ነክቶሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ልጅ ሆኜ ከዛፍ ወድቄ» አልኳቸው። ለባሌም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። ባሌ ጨዋ ሰው ነበር፤ የትኛው ዛፍ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።

ቀጥሎ ትኩሳት መጣ። ቀን ደህና እውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያንቀጠቅጠኛል። ክሊኒክ ገባሁ። ደሜን አይተው «ታይፎይድ ነው» አሉኝ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አዲስ አበባ ውስጥ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መርፌውን ጨረስኩ፤ ትኩሳቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ወገቤ ግን ባሰበት። ሁለተኛው ክሊኒክ «ኩላሊት ነው፣ ውኃ ጠጪ» አለኝ። ጠጣሁ። ኧረ እንደ ግመል ጠጣሁ! ሦስተኛው የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ቂርቆስ ጠበል ሰባት ቀን ተጠመቅኩ። እዚያም ቢሆን ሰው ጠባሳዬን እንዳያይብኝ ልብስ ደራርቤ ነው የተጠመቅኩት። ከፈጣሪ ልደበቅ? ወይ ነዶ!

ይህ ሁሉ ሲሆን ተመላላሿ ማህሌት ናት። ደመወዟ በእኔ አለቀ፣ ፈቃድ እየጠየቀች ከአለቃዋ ጋር ተቀያየመች። አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ «እማዬ፣ በቃ፣ ማለቴ፣ አንቺ ለሐኪሞቹ በደንብ አትናገሪም እኮ! የሚጠይቁሽን ግማሹን ነው የምትመልሺው» አለችኝ። ልጄ ናት፣ ታውቀኛለች። ሰው ፊት ተቆጣኋት።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ራጅ አዘዘልኝ። ራጅ የሚያነሣው ሰውዬ ምስሉን እያየ «እናቴ፣ ወገብዎ ላይ ብረት ነገር ይታየኛል። የልብስ ቁልፍ ወይ መርፌ ነገር አለ?» አለኝ። «ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መርፌ የማይሰካብኝ ቦታ የለም» ብዬ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። በሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ብዛት አይጣል ነው፤ እንደገና ሳያነሣኝ «ከልብስ ላይ ያለ ነገር» ብሎ ጽፎ ሸኘኝ። እሱን አልወቅሰውም። መጠየቁን ጠይቆኛል።

አሁን ልናገረው። እኔ ወታደር ነበርኩ። በደርግ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ተመልምዬ ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆንኩ፤ ሰሜን ግንባር ሦስት ዓመት ቆየሁ። አስር አለቃ ዘነበች። የሬዲዮ መጥሪያዬ «ዋርካ» ነበር። በየምሽጉ ያለው ሰው መልኬን አያውቅም፣ ድምፄን ግን ያውቃል። «ዋርካ ዋርካ፣ ይሰማል?» ሲሉኝ «ይሰማል፣ ቀጥል» እላለሁ። አንድ ረፋድ ላይ የከባድ መሣሪያ ጥይት አጠገባችን ወድቆ ፍንጣሪው ወገቤን መታኝ። አዛዣችን ሻምበል መኩሪያ የገዛ ሸሚዛቸውን ቀድደው ወገቤን አሠሩኝና መኪና እስካለበት ድረስ በጀርባቸው አዘሉኝ። የጦር ሜዳው ሐኪም ፍንጣሪዎቹን ለቅሞ ሲያወጣ አንዷን ለአከርካሪዬ ስለቀረበች ተዋት። «ካልነካናት አትነካሽም» አለኝ።

መንግሥት ሲወድቅ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በለመንኩት መኪና አዲስ አበባ ገባሁ። ካዛንቺስ የነበረችው አክስቴ ስታየኝ እልል አላለችም፤ መጀመሪያ በሩን ዘጋች። ልብሴንና መታወቂያዬን እሳት ውስጥ ጨምራ «ከዛሬ ጀምሮ ደሴ ታይፕ ጸሐፊ ነበርሽ፤ ሌላ ነገር አልሰማም» አለችኝ። አልፈርድባትም። ያኔ «የደርግ ወታደር» መባል ስድብ ነበር። አብረውኝ የነበሩ ሰዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እጃቸውን ዘርግተው አይቻለሁ፤ አይቼም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አልፌአለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ከእሳቱ ያተረፍኩት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። እኔና ሻምበል የደንብ ልብስ ለብሰን ምሽግ ደጃፍ ላይ ቆመናል። የእሳቸው ማዕረግ ትከሻቸው ላይ ይታያል፤ እኔ ሬዲዮውን አዝዬ እስቃለሁ። ያንን ፎቶ ካፖርቴ ገበር ውስጥ ከትቼ በመርፌ ጠቀምኩት። መርፌ መያዝ የተማርኩት ያን ቀን ነው ብል ይቀለኛል።

ዝም ማለቴ ግን ከፍርሃት ብቻ አልነበረም። ለተብርሃን የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ካዛንቺስ ሃያ አምስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል፤ ማህሌትን ግማሹን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ወንድሟ በዚያው ጦርነት በወዲያኛው ወገን ተሰልፎ ሞቷል፤ አጥንቱ የት እንደቀረ አይታወቅም። በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ስታስብ ካህኑ የክርስትና ስሙን ይጠሩላታል። እኔ አብሬያት ድንች እልጣለሁ፣ አብሬያት አለቅሳለሁ። «የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ» የሚባለው ለእኛ ነው። እሷ አጠገብ ተቀምጬ፣ እኔ በዚህኛው ወገን ነበርኩ ብዬ ከየት ልጀምርላት?

ወደ ሕመሜ ልመለስ። ግራ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ልርገጠው አልርገጠው አይታወቀኝም። አንድ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ደንበኛዬን እየለካሁ ሳለ እግሬ ከዳኝና ሜትሩ አንገቴ ላይ እንዳለ ተዘረርኩ። ማህሌት እያለቀሰች ትልቅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። አንዲት ወጣት ዶክተር አየችኝና ኤም አር አይ የሚባል ምርመራ አዘዘች። ለማያውቅ ሰው፣ ተኝተው የሚገቡበት ትልቅ ቱቦ ነው፤ ኃይለኛ ማግኔት አለው። ስለዚህ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ሳይናገር አይገባበትም፤ ብረቱን ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። የእኔዋ ደግሞ አከርካሪዬ ሥር ናት። የሚሞላ ወረቀት ሰጡኝ። «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ይላል። ማህሌት በትከሻዬ በኩል እያነበበች ነበር። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

አብዳ ነው ትሉኝ ይሆናል። አላበድኩም። ሠላሳ ምናምን ዓመት የገነባሁትን ውሸት በአንድ ወረቀት ላይ፣ ልጄ ዓይን ፊት ማፍረስ አቃተኝ እንጂ።

የምርመራው ቀን ኮሪደሩ ጢም ብሏል። አንዲት የማላውቃት ሴት ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ ከያዘችው ቆሎም ዘግና ሰጠችኝ። ግድግዳው ጥግ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በጋቢ ተጠቅልለዋል፣ ዓይናቸው ብዙም የሚያይ አይመስልም። ያመጧቸው የቤት አከራያቸው፣ ወይዘሮ ሙሉ የሚባሉ ሴት ናቸው። ሽማግሌውን አላወቅኳቸውም። አጥንትና ቆዳ ብቻ ቀርተው እንዴት ልወቃቸው?

ባለሙያው በሩን ከፍቶ በስሜ ጠራኝ። ሊያስገባኝ ሲል ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀ። «ሰውነትዎ ውስጥ ብረት፣ ጥይት፣ ፍንጣሪ የሚባል ነገር የለም አይደል?»

«የለም» አልኩ።

«ዋርካ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ቀድሞም እግሬ ደንዝዟል፤ ያኔ መላ አካላቴ ደነዘዘ።

«ዋርካ ዋርካ፣ ይሰማል?»

አፌ እኔን ሳያማክር «ይሰማል፣ ቀጥል» ብሎ መለሰ።

«ብረቱ አለ» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ሰልሏል፣ አነጋገራቸው ግን ያው የድሮው ትእዛዝ ነው። «ልጄ፣ እንዳታስገባት። ቁስሏን ያሠርኩት እኔ ነኝ።»

ባለሙያው አየኝ። ማህሌት አየችኝ። «እማዬ፣ ምንድን ነው የሚሉት? የምን ቁስል?» ትላለች። እየተንገዳገድኩ ሄጄ ወንበራቸው ሥር ተደፋሁ፤ ጉልበታቸውን ይዤ ተንሰቀሰቅኩ።

«ሻምበል፣ እርስዎ ነዎት?»

«ማን ሊሆን ነው? ስምሽ ሲጠራ ጠረጠርኩ፣ 'የለም' ስትዪ አረጋገጥኩ። ድሮም ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል» አሉና ራሴን ደባበሱኝ።

ዶክተሯ ስትሰማ ተቆጣች፤ እውነቷን ነው። «እናቴ፣ እኔ በጨለማ ስዳብስ እርስዎ ባትሪውን ኪስዎ ውስጥ ይዘው ነበር እኮ!» አለችኝ። ማግኔት በሌለው በሌላ መሣሪያ፣ በሲቲ ስካን አነሡኝ። ያቺ «ካልነካናት አትነካሽም» የተባለችው ፍንጣሪ ዙሪያዋን መግል ቋጥራ ነርቬን ተጭናዋለች። ትኩሳቱም፣ ጥዝጣዜውም፣ የእግሬ መደንዘዝም የእሷ ሥራ ነው። ቆይቼ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን አልጋ ላይ እቀር እንደነበር ዶክተሯ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት በደም ሥሬ ሲንጠባጠብ ተኛሁ። እግሬ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ።

ማህሌት ምግብ ታመጣለች፣ ታጥበኛለች፣ አታናግረኝም። በአራተኛው ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አባዬ ያውቅ ነበር?» አለችኝ። «አያውቅም» አልኳት። «እኔ ማለቴ፣ በዚያ ሁሉ ወረፋ ላይ አብሬሽ ስቆም፣ ልትሞቺብኝ ነው እያልኩ ሳለቅስ፣ አንቺ ታውቂው ነበር» አለችና ፊቷን አዞረች። ይሄ ከቀዶ ጥገናው በላይ አመመኝ። ዶክተሯ ያወጣቻትን ፍንጣሪ በትንሽ ብልቃጥ ሰጥታን ነበር፤ የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ማህሌት ብልቃጧን ብርሃን ላይ ይዛ ስታያት ቆይታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ወዲህ መነጋገር ጀመርን።

እኔ ስድን ሻምበል አልዳኑም። የፕሮስቴት ካንሰር ነበረባቸው፤ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ሕመማቸውን ማስታገስ ብቻ ነው» ብለው ወደ ቤት ሸኟቸው። ቤት ማለት ቄራ፣ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ፣ ወይዘሮ ሙሉ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ዘመድ የላቸውም። ሃያ ዓመት ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ሆነው ሠርተዋል። ሕንፃው ከድሮው ሱቄ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት! ስንት ጊዜ ተላልፈን ይሆን?

ከሆስፒታል እንደወጣሁ ከዘራዬን ይዤ በሳምንት ሁለት ቀን እሄድ ጀመር። ጢማቸውን እላጫለሁ፣ ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ከወይዘሮ ሙሉ ጋር ሆነን እናገላብጣቸዋለን። ሞርፊን የሚባል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ በሽሮፕ መልክ ታዝዞላቸዋል፤ ሰዓቱን ጠብቀን በማንኪያ እንሰጣቸዋለን። ያ ሽሮፕ የገባ ሰሞን ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንዲህ ያለ በሽተኛ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ «ሱስ ያስይዘዋል» እያላችሁ አታስቃዩት፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የታመመ ወታደር ልትጠይቁ ስትሄዱ ደግሞ ብርቱካን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቁጭ በሉና ወሬውን ስሙት፣ አሥር ጊዜ የሰማችሁት ቢሆንም። በማዕረጉ ጥሩት። ሻምበል ስላቸው አንገታቸው ቀና ይል ነበር።

አንድ ረቡዕ «አስር አለቃ» አሉኝ።

«አቤት ጌታዬ።»

«ሃያ ዓመት 'ዘበኛው' ስባል ኖርኩ። አልከፋኝም፣ እንጀራዬ ነው። ስቀበር ግን ሻምበል ተብዬ ልቀበር። ያ ጦርነት መልካም ነበር አልልም፤ ወንድም ከወንድሙ ምን መልካም አለው? እኔ ግን የማዛቸውን ልጆች ጥዬ አልሸሸሁም። ወረቀቴን በፍርሃት ራሴ ነኝ ያቃጠልኩት። ማን ይመሰክርልኛል?»

እኔ አለሁ ማለት ነበረብኝ። ፎቶው ቤቴ አለ። ልናገር አፌን ስከፍት የለተብርሃን ፊት ድቅን አለብኝ፤ የወንድሟ ሙት ዓመት፣ ድንች ልጣጩ፣ ያ ሁሉ እንባ። «እናያለን ጌታዬ» አልኩ። እናያለን! ለሚሞት ሰው የሚባል ነገር ነው?

እሳቸውም «እሺ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ቤቴ ገብቼ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። ቅዳሜ ልነግራቸው ቆርጬ ብሄድ መናገር አቁመዋል። ወይዘሮ ሙሉ ያስጠሩት ካህን በክርስትና ስማቸው እየጠሩ ይጸልዩላቸው ነበር። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ «ዋርካ ነኝ። ፎቶው እኔ ዘንድ አለ፣ ማዕረግዎ ይታያል። እኔ እመሰክርልዎታለሁ። ይሰማል?» አልኳቸው። መልስ የለም። ደረታቸው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። «ዋርካ ነኝ፣ ይሰማል?» ሦስት ጊዜ ጠራሁ። መጨረሻ ላይ የሚጠፋው መስማት ነው ብላ አንዲት ነርስ ነግራኛለች። እውነት እንዲሆን እጸልያለሁ፣ አላውቅም ግን። እሑድ ረፋዱ ላይ አረፉ።

እድር አልነበራቸውም። ወደ እኛ እድር ዳኛ፣ ወደ አቶ ለማ ሄድኩ። ሰፈራችን ቢፈርስ እድራችን አልፈረሰም፤ የተበተነው ሰው ሁሉ በወር አንድ ጊዜ ቂርቆስ ይገናኛል። አቶ ለማ «የሰው ሬሳ አይጣልም፣ እንቀብራለን» አሉ። ሻምበል ተብሎ እንዲለፈፍና የሕይወት ታሪካቸውም በዚያው እንዲነበብ ስለምናቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ እድር በሐሰት አይለፍፍም። ነገ ደግሞ ሌላው ተነሥቶ ኮሎኔል በሉኝ ቢል ምን ልንል ነው? ማስረጃ ካለዎት ያምጡና እንበል።»

ቤቴ ሄጄ ካፖርቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ገበሩን ተረተርኩት። ማህሌት አጠገቤ ቆማ ታያለች። ፎቶው ጫፉ ተልጦ፣ ትንሽ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ልጄ ፎቶው ውስጥ ያለችውን ልጅ እያየች «ጥርስሽ የእኔ ነው» አለች። ተያይዘን ፎቶ ቤት ሄድን። እንደምታውቁት በለቅሶ ላይ የሟች ትልቅ ፎቶ ከሬሳው ፊት ይያዛል። ባለፎቶ ቤቱ አይቶት «ለለቅሶ ነው? እንግዲያው እሳቸውን ብቻ ቆርጬ ላሳድገው፤ እርስዎ ይወጣሉ» አለኝ።

ቀላል ነበር እኮ። ማዕረጉ ይታያል፣ አቶ ለማ ያምናሉ፣ ለተብርሃን ምንም አታውቅም፣ ሻምበልም እንደተመኙት ይቀበራሉ። ማን ያጣል? ባለፎቶ ቤቱ እርሳሱን ይዞ የት ጋ እንደሚቆርጥ ይለካል። ወገቤን አሥረው ያዘሉኝን ሰው ብቻቸውን ቆርጬ ልሰዳቸው?

«አትቁረጠኝ» አልኩት።

አቶ ለማ ፎቶውን አይተው አመኑ፤ ሰኞ ጠዋት የእድሩ ለፋፊ የሻምበል መኩሪያን ሞት ለፈፈ። ሻምበል ብሎ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አቶ ለማ በስልክ አሰሙኝና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቂርቆስ የተገኘው ሰው ብዙ አልነበረም። ይሠሩበት ከነበረው ሕንፃ አራት ጥበቃዎች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተዋል። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ፣ ሻምበል የሚለው ቃል ሲጠራ፣ ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ጸጉሩ የሸበተው፣ ቀጥ ብሎ የወታደር ሰላምታ ሰጠ። ፎቶውን የያዘችው ማህሌት ናት። ሌላ ሰው ሊቀበላት ቢል አልሰጥም አለች።

ለተብርሃን ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ሬሳው ሲያልፍ ፎቶውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እንደገና ፎቶውን አየችው። ነጠላዋን አከናንባ ከሰልፉ ወጥታ ሄደች። እኔ የሻምበልን አፈር ሲመልሱ እያየሁ፣ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ቀበርኩ ብዬ አሰብኩ።

ከቀብር መልስ ወይዘሮ ሙሉ ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ሰው ንፍሮ ይቀምሳል። ለተብርሃን ገባች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ፊቷን ግን ወደኔ አላዞረችም።

«ሬዲዮ ያዘለችው ልጅ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ በነበረበት ግንባር?»

«በዚያው ግንባር፣ በዚህኛው ወገን።»

ከቀዶ ጥገናው በፊት እንኳ እንዲያ አልፈራሁም።

«ታዲያ በየዓመቱ ሙት ዓመቱ ላይ ስታለቅሺ ለማን ነበር?»

«ለእሱም፣ ለእኛም። ለይቼ አልቅሼ አላውቅም ለተብርሃን። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ እንዳላጣሽ ፈራሁ።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ሌላስ የደበቅሽኝ ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

ያን ጊዜ ገና ዞራ አየችኝ። ሻምበል እንዳሉት ድምፄ መቅጠን አለመቅጠኑን እያዳመጠች መሰለኝ። ከቦርሳዋ እስክሪፕቶና ቁራጭ ወረቀት አውጥታ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

«ገብረ ማርያም» አልኳት።

ጻፈችው። ከላዩ የወንድሟን ስም ጨመረችና «ዘንድሮ በሙት ዓመቱ ካህኑ አንድ ላይ ይጠሩልናል» አለችኝ።